ፈረሱ ሲደክም ተራሽ ያበቃል

ባለፈው እሑድ ብስራተ ገብርኤል አጠገብ የሚኖር ጓደኛችን ቤት ተሰብስበን ነበር። ዝናቡ መንገድ ላይ ስለያዘን ስንገባ ሁላችንም ውኃ እናንጠባጥባለን። ጓደኛችን ሹራባችንንና ጃኬታችንን ተቀብሎ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ደረደረው። ከወንበሩ ሥር የጌም ማሽኑ ከጠዋት ጀምሮ ሲሠራ ውሎ ግሏል። ትንሽ ቆይቶ የእርጥብ ሹራብና የጋለ አቧራ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ሌሎቹ "ኧረ መስኮት ክፈቱ!" እያሉ ሲያማርሩ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ማሽተት ያዝኩ። ከሽታው የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የላም እበት።

ክርክሩ ጦፏል። የምንጊዜም ምርጥ ጌሞችን ደረጃ እያወጡ ነው። ያገቡ፣ የወለዱ፣ ሳምንቱን ሙሉ ከረባት አስረው የሚውሉ ሰዎች ናቸው። አንዱ የኳሱን ጌም ሦስተኛ ስላደረገ ሌላው ተነሥቶ ሊሄድ ምንም አልቀረውም። በመጨረሻ ተራው እኔ ጋ ደረሰ።

"ምህረት፣ አንቺስ? አንደኛሽ የቱ ነው?"

"የፈረሱ።"

"ሽፍቶቹ ያሉበት? እሱማ ምርጥ ነው! መጨረሻውን እንዴት አየሽው?"

"መጨረሻውን አላየሁትም። ከመጀመሪያው መንደር ወጥቼ አላውቅም።"

በሳቅ ፈነዱ። ያልጨረስሽውን ጌም እንዴት አንደኛ ታደርጊያለሽ ብለው ወጥረው ያዙኝ። እኔ ግን ስለ ጌም ደረጃ አወጣጥ ከእነሱ የተሻለ ትምህርት ቤት ነው የገባሁት፤ መካኒሳ፣ ከላም በረት ጋር ግድግዳ በሚጋራ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ።

ሦስተኛ ክፍልን ጨርሼ አራተኛን የምጠብቅበት ክረምት ነበር። እናትና አባቴ ከሆሳዕና መጥተው መካኒሳ ውስጥ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ካለው የኮረት መንገድ ዳር ቤት ተከራይተው ነበር። አጥራችን ጋሽ ቶሎሳ ከሚባሉ ሰው አጥር ጋር የተያያዘ ነው። ጋሽ ቶሎሳ ሰፈሩ ገና እርሻ ሳለ ጀምረው እዚያው የኖሩ ናቸው። ቤቱ ከግራም ከቀኝም ሲሠራ ሲሠራ እርሻው አለቀና የቀራቸው ግቢያቸው፣ ሁለት ላሞቻቸውና ያቺ የቆርቆሮ ክፍል ሆነ። በክፍሏ ውስጥ ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት የጌም ማሽንና አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር አስቀምጠው የሰፈሩን ልጆች ያጫውታሉ። የግድግዳው ቆርቆሮ ላይ ብዙ ቀዳዳ ስለነበር ከወዲያ ማዶ የላሞቹ ትንፋሽ ይሰማል። ጎል ገብቶ ሁላችንም ስንጮኽ ላሟም አብራ እምቧ ትላለች።

እናቴ ጸሎተኛ ነች፤ ጌም ቤት የሚባል ነገር ስሙ ሲነሣ ፊቷ ይቀየራል። "እግርሽ እዚያ እንዳይደርስ!" ትለኛለች። ችግሩ ግን ራሷ ናት በየቀኑ ወተት እንዳመጣ ወደዚያው የምትልከኝ። አዴ ጫልቱ፣ የጋሽ ቶሎሳ ባለቤት፣ ላሞቹን የሚያልቡት ከግድግዳው ማዶ ነው። ወተቱ እስኪታለብ መጠበቅ አለብኝ፣ ደግሞ እየዘነበ ነው፤ ታዲያ ዝናብ ላይ ልቁም? ትንሿን ጀሪካን ይዤ ወደ ጌም ቤቱ ጎራ እላለሁ።

አንድ ቀን አግዳሚው ላይ እግሬን እያወዛወዝኩ፣ "ጋሼ፣ እነዚህን ቴሌቪዥኖች ከየት ነው ያመጧቸው?" አልኳቸው።

ጋሽ ቶሎሳ ጎማ ቦቲያቸው ላይ ያለውን ጭቃ በእንጨት እየፋቁ ነበር። "ቦራን ሰጥቼ ነዋ" አሉ። "ፈረሴን። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለው፣ ሲሄድ መሬት የማይነካ ፈረስ ነበር።" ከዚያ ፈገግ ብለው በእንጨቱ ወደ ማሽኑ ጠቆሙኝ። "ይኸውልሽ፣ ቦራ አሁን እዚያ ውስጥ ነው።"

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነኝ፤ ሽማግሌ የተናገረውን አምናለሁ። ደግሞ ማስረጃ አለኝ። ከጌሞቹ አንዱ የፈረስ ነው፤ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ሰፊ ሜዳ ላይ እየጋለበ ሽፍታ የሚያሳድድበት። የሰውየው ፈረስ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው። በቃ፣ ገባኝ። ጋሽ ቶሎሳ ፈረሳቸውን ሰጡ፣ ፈረሱም እንዴት እንደሆነ ባላውቅም ማሽኑ ውስጥ ገባ። ቦራ እዚያ ውስጥ እየኖረ ነው። ይህን ለማንም አልነገርኩም፤ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር ነው ብዬ።

ጋሽ ቶሎሳ ሰዓት ማየት አይወዱም፤ የእያንዳንዱን ልጅ ተራ የሚለኩት በጌሙ ነው። በኳሱ ጌም ሁለቱ አጋማሾች ሲያልቁ ትነሣለህ፣ በትግሉ የወደቀ ይነሣል፣ መኪናው ዙሩን ሲጨርስ ያበቃል። የፈረሱ ጌም ግን ሜዳው ማለቂያ ስለሌለው ቸገራቸውና አንድ ሕግ አወጡ፦ ፈረሱ ሲደክም ተራህ ያበቃል። ስክሪኑ ጥግ ላይ የፈረሱን ጉልበት የምታሳይ ትንሽ መስመር አለች። ፈረሱ ሲጋልብ እያጠረች ትሄድና ባዶ ስትሆን እሱም ቀጥ ይላል። ወንዶቹ ጆይስቲኩን ገና ሲጨብጡ ሽምጥ ይጋልባሉ፣ ቦራም ወዲያው ይደክማል።

"ደከመ! ተነሣ!" ይላሉ ጋሽ ቶሎሳ ከበሩ።

"ኧረ ጋሼ፣ ገና ሽፍታ እንኳ አላገኘሁም!"

"ፈረሱን ማን ግደለው አለህ? ተነሣ!"

በዚህ የተነሣ ወንዶቹ የፈረሱን ጌም ጠምደው ይዘውታል። እኔ ግን አልጋልብም። ቦራን በእግሩ አዘግማለሁ። ወንዝ ዳር ሲደርስ ክቧን ቁልፍ እጫናለሁ፤ አንገቱን ደፍቶ ይጠጣል፣ መስመሯም መልሳ ትሞላለች። ስለዚህ ተራዬ የሚያበቃው አዴ ጫልቱ "ወተቱ ደርሷል!" ብለው ሲጣሩ ብቻ ነው። ወንዶቹ ከኋላዬ ተኮልኩለው ይቃጠላሉ። በተለይ አቡሽ። አቡሽ ሰባተኛ ክፍል የደረሰ፣ ድምፁ አንዴ እንደ ሰው አንዴ እንደ ጫጩት የሚወጣ፣ የጌም ቤቱ አለቃ ነበር።

"በናትሽ አንዴ ጋልቢ!" ይለኛል።

"አልጋልብም።"

"ይቺ ልጅ ፈረስ እየጋለበች ነው ወይስ ሙሽራ እያጀበች?"

ክረምት ስለሆነ መብራት በየጊዜው ይጠፋል። መብራት ሲጠፋ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ደረጃ እናወጣለን። ሥርዓቱን ያመጣው አቡሽ ነው። ገመዱ የተበጠሰ ጆይስቲክ አለ፤ መናገር የሚችለው እሱን የያዘ ብቻ ነው። ተናጋሪው ስለሚወደው ጌም ተከራክሮ ሲጨርስ፣ የተስማማ ልጅ አንድ እግር ጫማውን አውልቆ ፊቱ ያስቀምጣል። ብዙ ጫማ የሰበሰበ ጌም አንደኛ ይሆናል። ባዶ የቀረውን እግራችንን እርጥብ መሬት ላይ ላለማሳረፍ ሁላችንም በአንድ እግራችን ቆመን እንከራከራለን፤ የደከመው የጎረቤቱን ትከሻ ይይዛል። ደረጃው ትንሽ ቆይቶ መብራት ሲመጣ ይረሳል፣ በሚቀጥለው ጊዜ እንደ አዲስ ይጀመራል። ጨዋታ ነበር፤ ሳሚ እስኪመጣ ድረስ።

ሳሚ ጌም የሚጭንልን ወጣት ነው። ቦርሳውን አንግቶ ከመርካቶ ይመጣል፣ ሲገባ ሁላችንም እንደ እንግዳ ሰባኪ ተነሥተን እንቀበለዋለን። የዚያን ቀን አዲሱ ኳስ ወጥቷል ብሎ ልጁን ሁሉ አስፈነጠዘው። ከዚያ ማሽኑን አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

"ሞልቷል። አንዱን ካላጠፋሁ አዲሱ አይገባም። በሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ፣ የቱ እንደሚጠፋ ወስናችሁ ጠብቁኝ።"

"የፈረሱ!" አለ አቡሽ።



ጋሽ ቶሎሳን አየኋቸው፤ እሳቸው ግን ቦቲያቸውን ያያሉ። "እኔ ባለቤት እንጂ ተጫዋች አይደለሁም" አሉ። "የምትጫወቱት እናንተ ናችሁ። ደረጃ አውጡና መጨረሻ የወጣው ይጥፋ።"

ያን ሳምንት እንዴት እንዳለፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ለሌሎቹ የሚጠፋው ጌም ነው። ለእኔ ግን ቦራ ነው የሚጠፋው፣ ወንዝ ዳር አንገቱን ደፍቶ የሚጠጣው ቦራ። ማታ ቤተሰቡ ተንበርክኮ ሲጸልይ ተራዬ ሲደርስ፣ "ጌታ ሆይ፣ የጋሽ ቶሎሳን ፈረስ፣ ቦራን፣ አድንልኝ፣ እንዳይሞት" አልኩ። እናቴ አንድ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ፣ "አሜን" አለችና መልሳ ጨፈነች። በማግስቱም ያንኑ ጸለይኩ። እናቴ የልጇ ልብ ለጎረቤት እንስሳ በመራራቱ ደስ ብሏት ነበር መሰለኝ ራሴን ዳበሰችኝ።

በዚያው ሳምንት አንድ ቀን እናቴ በማለዳ ለወተት ላከችኝ። ጌም ቤቱ ገና አልተከፈተም፣ ከውስጥ ግን የፈረስ ኮቴ ይሰማል። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ ባይ ጋሽ ቶሎሳ ብቻቸውን ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠዋል። ጆይስቲኩን በሁለት እጃቸው እንደ ልጓም ከፍ አድርገው ይዘውታል፤ ቦራ ወደ ግራ ሲዞር መላ ሰውነታቸው ወደ ግራ ይዞራል፣ ጉድጓድ ሲዘል ከወንበሩ ብድግ ይላሉ። ሳል አመለጠኝና ዞረው አዩኝ።

"እያጠጣሁት ነው" አሉ፣ እንደ ተያዘ ልጅ።

"ጠጣ?"

"ጠጥቷል።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ለጫልቱ እንዳትነግሪብኝ። በዚህ ዕድሜው ጌም ያዘው ብላ ሰፈሩን ታዳርሰዋለች" አሉኝ።

ደረጃ የወጣው ሳሚ ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። መብራት የለም፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። አቡሽ የተበጠሰውን ጆይስቲክ ይዞ ተነሣ።

"የፈረሱ ጌም መጥፋት አለበት። አንደኛ፣ ብቻውን የሁለት ጌም ቦታ ይበላል። ሁለተኛ፣ ወዲያው ይደክማል። ሦስተኛ፣ ምህረት አለች።"

ሳቁ ሲበርድ ጆይስቲኩን ተቀበልኩት። ብዙ ነገር አስቤ ነበር፣ ሁሉም ጠፋብኝ። "ቦራ ይጠጣል" አልኩ። "ሌላው ጌም ውስጥ የሚጠጣ ማን አለ? መኪናው ይጠጣል?"

"ነዳጅ!" አለ አንዱ ከጥግ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ፣ ላሟም ከወዲያ ማዶ እምቧ አለች። ጫማ ማስቀመጥ ተጀመረ። ኳሱ ፊት ጫማው ተከመረ። ታናሽ ወንድሜ ናሆም፣ ብስኩቴን አካፍዬው ቃል የገባልኝ ናሆም፣ ጫማውን አውልቆ በአንድ እግሩ እየዘለለ ሄዶ ኳሱ ፊት አስቀመጠ። ቦራ ፊት ያለው የእኔ ሰማያዊ ላስቲክ ጫማ ብቻ ነው። እንባዬ መጣ።

ጋሽ ቶሎሳ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ጎንበስ ብለው አንዱን ቦቲያቸውን እየታገሉ አወለቁት፣ ከነጭቃው ይዘውት መጡና ከእኔ ጫማ አጠገብ አቆሙት።

አቡሽ አንገቱን አከከ። "ጋሼ፣ እርስዎ ተጫዋች አይደለሁም ብለው የለም እንዴ?"

"ማለዳ ማለዳ እጫወታለሁ" አሉ ጋሽ ቶሎሳ።

ልጁ ሁሉ በአንዴ ጮኸ። ከግድግዳው ማዶ የአዴ ጫልቱ ሳቅ ተሰማ፤ ለካ ምስጢሩን ከእኔ በፊት ያውቁት ኖሯል። ያም ሆኖ ሁለት ጫማ ሁለት ጫማ ነው። ከእኛ የሚቀርበው መኪናው እንኳ አራት ነበረው። ጋሽ ቶሎሳ ሕግ ያወጡት ራሳቸው ናቸውና ቦቲያቸውን መልሰው አጠለቁ።

በማግስቱ ሳሚ መጥቶ ቦርሳውን ገና ሲፈታ ያልተጠበቀ እንግዳ ገባ። እናቴ። ያ እግሬ እንዳይደርስበት የከለከለችኝ ቤት መሐል ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች። አግዳሚው ሥር ለመግባት ሞከርኩ፤ እሷ ግን የመጣችው እኔን ፍለጋ አልነበረም።

"ጋሽ ቶሎሳ፣ እንደምን ሰነበቱ? ፈረሱ ተሻለው ወይ?"

"የምን ፈረስ?"

"ቦራ ነው ያለችኝ። ይቺ ልጄ ሳምንቱን ሙሉ እንዳይሞት እያለች ስትጸልይለት ነው የከረመችው። እኛም አብረን ስንጸልይ ነበር፤ ጎረቤት ሆነን እንዴት ሳንጠይቅ ብዬ ነው የመጣሁት።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ በኋላ መደበቅ አልተቻለም። "ሳሚ ሊያጠፋው ነው!" ብዬ ለቅሶዬን ለቀቅኩት። "ቦራ እኮ እዚያ ውስጥ ነው! ጋሼ ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ! ሲጠፋ የት ይሄዳል?"

ሳሚ ሳቀ። አቡሽም ሊስቅ ጀምሮ የጋሽ ቶሎሳን ፊት አየና ተወው። ጋሽ ቶሎሳ አግዳሚው ላይ ተቀመጡና አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ" አሉኝ። "ቦራ ቴሌቪዥን ውስጥ አይደለም። ፉሪ ነው ያለው፣ የወንድሜ ልጅ ገመቹ ዘንድ። ገመቹ ለጋሪ ፈረስ ፈለገ፣ እኔ ደግሞ ቦራን የማስግጥበት መሬት አለቀብኝ። እሱ ጌም ቤቱን ዘግቶ ዕቃውን ሰጠኝ፣ እኔ ቦራን ሰጠሁት። አለ፤ ደኅና ነው አሉ።"

"አሉ?" አለች እናቴ። "እርስዎ አላዩትም?"

ጋሽ ቶሎሳ መሬቱን አዩ። "ካየሁት ጥዬው መመለስ አልችልም ብዬ ነው። ሁለት ዓመት ሆነኝ ሳልሄድ።"

ሳሚ እጁን ከማሽኑ ላይ አነሣ። ጋሽ ቶሎሳ በድንገት እጃቸውን ዘረጉ።

"አቡሽ፣ ያንን ነገር አቀብለኝ።"

ጆይስቲኩን እንደ ልጓም ከፍ አድርገው ያዙና ጋለቡ። እንዲህ ሽምጥ ሲጋልቡ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ቦራ ወንዙን ተሻገረ፣ መንደሩን አለፈ፣ እኔ ደርሼበት የማላውቀው ሜዳ ላይ ወጣ። ልጆቹ ሁሉ ከኋላቸው ቆመው "በለው! በለው!" ይላሉ፣ አቡሽ በዚያ በሚሰነጠቅ ድምፁ ከሁሉም በላይ ይጮኻል፣ እናቴም ራሷን ረስታ "ጉድጓዱን! ጉድጓዱን!" ትላለች። መስመሯ አጠረች፣ አጠረች፣ ባዶ ሆነች። ቦራ ቀጥ አለ።

"ደከመ" አሉ ጋሽ ቶሎሳ። "ተራዬ አበቃ።" ጆይስቲኩን ለሳሚ ሰጥተው ተነሡ። "አጥፋው። እኛ ቅዳሜ ፉሪ እንሄዳለን።"

ቅዳሜ ሄድን። እናቴ የታመመ መጠየቅ ነው ብላ ዳቦ ይዛ መጣች፤ ፈረሱ እንዳልታመመ ብንነግራትም አልተወችውም። በታክሲ ፉሪ ደርሰን በእግራችን በአዳዲሶቹ ቤቶች መሐል ስንገባ፣ ጋሪ ላይ ብሎኬት የጫነ ፈረስ ከፊታችን ቆሞ አየን። ግንባሩ ላይ ነጭ አለው። ከቴሌቪዥኑ ቦራ አጠር ያለ፣ ሆዱ ወፈር ያለ፣ ጆሮው ጫፍ ላይ የተቀደደ ነው። ጋሽ ቶሎሳ ገና ሲስሉ ቀና አለ። ጋሪውን እየጎተተ መጣና አፍንጫውን ኮታቸው ውስጥ ከተተ። ጋሽ ቶሎሳ አንገቱን አቅፈው በኦሮምኛ ብዙ ነገር አወሩት። ሲያለቅሱ አየኋቸው፤ ሲስቁም ነበር። ከዚያ ወዲህ ጌም ቤቱ ቅዳሜ ጠዋት ተዘግቶ ይውላል፤ የት እንደሄዱ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ አቡሽም ቢሆን ኳሱን ትቶ አብሯቸው የሄደበት ቀን አለ።

ገመቹ ጋሪውን ፈታና ቦራ ላይ አወጡኝ። ጋሽ ቶሎሳ ልጓሙን ይዘው በቀስታ ወደ ወንዙ ወሰዱን። በቴሌቪዥን የማላውቀው ብዙ ነገር ነበር፤ ጀርባው ይሞቃል፣ ይሸታል፣ ከሥሬ ይተነፍሳል። ወንዙ ዳር ስንደርስ ቆመ። ከልማዴ የተነሣ አውራ ጣቴ ጋማው ውስጥ ክቧን ቁልፍ መፈለግ ጀመረ። ጋሽ ቶሎሳ ጣቴን አዩና ሳቁ።

"ተይ፣ ምንም አትጫኚ" አሉኝ። "ይሄኛው ራሱ ነው የሚጠጣው።"